አምስት መለኪያ በደባርቅ

ዳባት፣ ከቀትር በኋላ

ከጎንደር የተነሳንበት ሚኒባስ ዳባት ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ክሪክ ፍለጋ ወንበር ሥር ሲገባ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ከጎኔ ተቀምጠው ስለ ድንች ዋጋ ሲያጫውቱኝ የመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው ወረዱ። «ና ልጄ፣ ይኼ ልጅ እስኪጨርስ ጉሮሯችንን እናርጥብ» አሉኝ። በእንጨት ጫፍ ጣሳ ወደተደፋበት ደጃፍ ገባን።

የቀረበልን ኮረፌ ነው። አዲስ አበባ በጠላና በድራፍት ላደገ ሰው ኮረፌ ሩቅ አገር ነው። ገብሱ ተፈትጎ፣ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር ጋን ውስጥ ለወራት ይከርማል። ሲፈለግ ከድፍድፉ ተቀንሶ ውሃ ይጨመርበትና በማግሥቱ ይጠጣል። ስሙን ሲሰሙት ያኮረፈ ሰው ይመስላል፤ ሲቀዳ ግን አረፋው ከጣሳው አፍ ገንፍሎ ይስቅብሃል። ወፍራም ነው፤ ጎምዘዝም መረርም ይላል፤ የገብሱ ደቃቅ ጥርስ ላይ ይቀራል።

አዛውንቱ ጣሳቸውን ባንድ ትንፋሽ አጋመሱና አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። «ይኼ መጠጥ አይባልም፤ ምግብ ነው» ብለው ፈረዱ።

ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ያህል ጉልበት ይሰጣል፤ አንድ ግራም የገብስ ዱቄት ከ4 አያልፍም። ነገር ግን ስኳር ሲተርፍ ጉበትና ጡንቻ ያስቀምጡታል፤ ስብ ሲተርፍ ሰው ወገቡ ላይ ይሸከመዋል። አልኮል በሰውነት ውስጥ ጎተራ የለውም። ስለዚህ ገና ሲገባ ቅድሚያ አግኝቶ እሱ ይቃጠላል፤ አብሮት የተበላው ቅባት ተራውን እንዲጠብቅ ወደ ጎተራ ይላካል። ጉልበትነቱ እውነት ሆኖ ሳለ ቦርጭ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው።

ዳባት በሐኪሞች ዘንድ ስሟ የሚነሳው በኮረፌዋ አይደለም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገና ኮሌጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚህ ወረዳ የልደት፣ የሞትና የፍልሰት መዝገብ ከፍቶ ቤት ለቤት መከታተል ጀመረ። ክትትሉ እስካሁን ለብዙ ጥናት መነሻ ሆኗል። እኔ ግን ጣሳዬን ይዤ የማስበው ስለ ደብተር ያዡ ልጅ ነው። መጥቶ «አባባ፣ ባለፈው ወር መጠጥ ጠጥተዋል?» ቢላቸው፣ እኚህ ሰው ሳይዋሹ «ኧረ አልጠጣሁም» ይሉታል። ኮረፌ መጠጥ አይደለማ!

ደባርቅ፣ ማታ

ደባርቅ ስንገባ ጨልሟል። ከተማዋ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚህ አንዱ መንገድ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምፅዋ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው በሊማሊሞ ወጥቶ ነው። እኔ በሚኒባስ መጥቼ እንኳ የማረፊያዬን ደረጃ በሻንጣ ስወጣ ልቤ ከበሮ መታች። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «በዚህ ጃኬትማ አረቄ ካልቀመስክ አታድርም» አለኝ። አንዲት ጠባብ መንገድ በጣቱ አሳየኝ።

«ግባ ልጄ፣ በሩን መልሰው፤ ብርዱ ይገባል» አሉ የቤቱ እመቤት። ሰፈሩ ሁሉ እሜቴ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው አልኩ።

ከጓሮ አረቄ እየወጣ ነበር። ድፍድፉ በማሰሮ ተጥዷል፤ አፉ በጭቃ ተመርጓል፤ ከአናቱ የተሰካው ሸምበቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይወርዳል። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ይሰክንና ጠብ ጠብ ይላል። ባሕር ጠለል ላይ አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላሉ። ደባርቅ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አልኮሉም በዚያው ልክ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን አይጠፋም፤ አረቄ አውጪ የምትኖረው በዚያ ልዩነት ነው። አንዴ የወጣው ተራ ይባላል። ተመልሶ ተጥዶ ሁለተኛ ሲወጣ ዳግም ነው።

እሜቴ ከዳግሙ ጥቂት ጠብታ ምድጃው ላይ ጣል ቢያደርጉ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ አለ። «አየህ፣ ንጹሕ ነው» አሉኝ። ለእሳቸው አልመለስኩላቸውም፤ ለአንባቢ ግን ልበል። ነበልባሉ የሚናገረው ስለ ጥንካሬው እንጂ ስለ ንጽሕናው አይደለም። ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖልም በሰማያዊ ነበልባል ነው የሚነደው።

መለኪያውን ሞልተው መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ፤ ወጉ ነው። ቀጥሎ ለኔ ቀዱ፤ ከአጠገቡም አንድ ጭብጥ ቆሎ አስቀመጡ። «ባዶ ሆድህን እንዳትጠጣ።»

መለኪያው 40 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ የአረቄውም ጥንካሬ 40 ከመቶ ቢሆን፣ ውስጡ 12.6 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ጥንካሬው 5 ከመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ይይዛል። በዚህ አገር የተራራውን ስም ዳሽን ቢራ፣ የዱር ፍየሉን ስም ዋልያ ቢራ ወስደውታል፤ አረቄ ግን ስም ሳይወጣለት በትንሿ ብርጭቆ ያንኑ ያህል ይሸከማል። «አንዲት መለኪያ ምን ትሠራኛለች» የሚል ሰው አንድ ሙሉ ቢራ መጨለጡን ልብ አይልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ከጎንደር ደባርቅ ካለው መንገድ ይልቅ ይገርመኛል። እንጀራ አፍ ውስጥ ታኝኮ፣ ጨጓራ ውስጥ ታሽቶ፣ አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ ነው ደም የሚሆነው። አልኮል ይኼ ሁሉ አያሻውም። ቅንጣቱ ትንሽ ነው፤ ከውሃ ጋር ይስማማል፣ ቅባትም አያግደውም፤ መፈጨት ሳይጠብቅ በግድግዳ ሰርጎ ደም ውስጥ ይገባል። ከመቶው 20 እጅ ያህሉ ከጨጓራ፣ የቀረው ከትንሹ አንጀት ይመጠጣል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ በሚሊዮን ትንንሽ ጣቶች የተሞላ ሰፊ ሜዳ ነው፤ አልኮል እዚያ ከደረሰ የሚያግደው የለም። እንግዲህ ዋናው ነገር ምን ያህል ቶሎ ይደርሳል የሚለው ነው። በጨጓራና በአንጀት መካከል ኬላ አለ፤ የጨጓራው መውጫ በር። ጨጓራ ውስጥ የሚፈጭ ነገር ካለ በሩ ይዘጋል፤ በየጊዜው ገርበብ እያለ ጥቂት ጥቂት ብቻ ያሳልፋል። ባዶ ከሆነ መለኪያው እንዳለ ይንደረደራል።

«ቅቤ ጨጓራን ይለብሰዋል፤ ጠላም አረቄም አያልፈውም» ሲባል አድጌያለሁ። ቅቤው ምንም አይለብስም፤ የሚያደርገው በሩን ማዘግየት ነው። የእሜቴ ቆሎም ያንኑ ይሠራል። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ቅቤም ሥጋም አልነበረም፤ ሽሮ በልቼ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። ሁለተኛው መለኪያ ላይ ጆሮዬ ሞቀ።

እሜቴ የቀመሱትን አንዲት መለኪያ አልደገሙም። «ሴት ቶሎ ይይዛታል፤ ከወንድ ጋር አልፎካከርም» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጉልበት ማነስ አይደለም። አልኮል በሰውነት ውስጥ የሚሰራጨው ውሃ ባለበት ሁሉ ነው፤ ስብ ውስጥ እምብዛም አይገባም። የወንድ ሰውነት ከመቶው 60 እጅ ያህል ውሃ ሲሆን የሴት ከ50 እስከ 55 ይሆናል። ያው መለኪያ በትንሽ ገንዳ ሲፈስ ይወፍራል። በዚያ ላይ በጨጓራ ግድግዳ አስቀድሞ አልኮልን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በሴቶች ዘንድ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ሦስተኛው መለኪያ ላይ፣ ለማላውቀው ሰው የማልነግረውን የቤቴን ጉዳይ ለእሜቴ ስነግር ራሴን አገኘሁት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ያወጣው እንግዲህ ብቅሉ ብቻ አይደለም፤ አእምሮን ጸጥ የሚያሰኘውን መልእክት አልኮል ያጎላዋል፣ የሚያነቃውን ያፍነዋል። መጀመሪያ ከሚያንቀላፉት አንዱ «ይኼን አትናገር» የሚለው ዘበኛ ነው። የተቀረው ቤት ገና ነቅቶ ሳለ ዘበኛው ስለተኛ፣ የሞቀው ሰው የተነቃቃ ይመስለዋል። ወደ አምስተኛው መለኪያ ሲደርስ እግርን የሚያስተካክለውም ክፍል ያንቀላፋል። ስመለስ ያቺ ጠባብ መንገድ ይበልጥ የጠበበችው ለዚህ ነው።

ደባርቅ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት

ለሦስተኛ ጊዜ ለሽንት ተነሳሁ። የጠጣሁት ፈሳሽ ያን ያህል አልነበረም። አልኮል አንጎል ውስጥ «ውሃ ቆጥብ» የሚለውን ሆርሞን ስለሚያፍን፣ ኩላሊት ሊያስቀረው የሚገባውን ውሃ ይለቀዋል። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው። ሰማዩ በኮከብ ተጨናንቋል፤ ትንፋሼ ጭስ ይመስላል።

ስመለስ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ደብተሬ ጀርባ ላይ አሰላሁ። አምስት መለኪያ 63 ግራም አልኮል ነው። ክብደቴ 70 ኪሎ ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ዊድማርክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባቆመው ስሌት፣ ግራሙ ለክብደትና ለወንድ ለተቀመጠው 0.68 ብዜት ሲካፈል በሊትር ደም 1.3 ግራም ይመጣል። ጉበት ከዚያ በሰዓት 0.15 ያህል ይቀንሳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከጀመርኩ ደሜ የሚጠራው ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እሜቴ 55 ኪሎ ቢሆኑና ከኔ እኩል ቢጠጡ ኖሮ፣ በሴት ብዜት በ0.55 ሲሰላ፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ በደማቸው ይኖር ነበር። ያቺን መለኪያ ያልደገሙት ሳያሰሉ ነው፤ እኔ ሳሰላ ነው የደረስኩባቸው።

የጉበት ሥራ እንደ ብዙው የሰውነት ሥራ አይደለም። ብዙ ሲመጣለት አይፈጥንም። አንድ መስኮት ብቻ እንዳለው ቢሮ ነው፤ ሰልፉ ቢረዝም ባይረዝም ጸሐፊው በሰዓት 7 ግራም ገደማ ብቻ ያስተናግዳል። ያች 12.6 ግራም ያዘለች መለኪያ ብቻዋን ሁለት ሰዓት ልትሞላ ትንሽ ይቀራታል። ጸሐፊው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። አልኮሉን አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል፤ ይኼ ከአልኮሉ የባሰ መርዝ ነው፤ ፊት ያቀላል፣ ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል። ደግነቱ አጠገቡ ሌላ ኢንዛይም ተቀምጧል፤ አሴታልዲሃይዱን ወዲያው ተቀብሎ አሴቴት፣ ማለትም ከሆምጣጤ የማይርቅ ነገር ያደርገዋል። የሆምጣጤው ዘመድ በየጡንቻው ተቃጥሎ ውሃና ወደ ውጭ የምንተነፍሰው አየር ይሆናል። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች ይኼ ሁለተኛው ኢንዛይም በውርስ ደካማ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ፊታቸውን እንደ በርበሬ የሚያቀላው ለዚህ ነው።

በትንፋሽ፣ በሽንትና በላብ ሳይለወጥ የሚወጣው ከመቶ ከ2 እስከ 10 እጅ ቢሆን ነው። ስለዚህ በብርድ መሄድ፣ ማላብ፣ ራስን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ሰልፉን አያሳጥሩትም። ቡናም እንዲሁ። ቡና የጠጣ ሰካራም ንቁ ሰካራም ነው። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ጉበት በጊዜ ብዛት ሌላ መስኮት ይከፍታል፤ «ችሎታው ነው» እያልን የምናደንቀው በከፊል ይኼን ነው። በዚያ መስኮት ግን ሌሎች መድኃኒቶችም ያልፋሉ፤ ፓራሲታሞል በዚያ በኩል ሲያልፍ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሆኖ ይወጣል።

ብርዱን በተመለከተ ዘበኛውም ሁላችንም ተሳስተናል። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ከሆድ የነበረው ሙቀት ወደ ቆዳ ይጎርፋል፣ ቆዳም ለአየሩ ይሰጠዋል። የሚሞቀው ስሜቱ ነው፤ አካሉ እየቀዘቀዘ ነው። ሌላም አለ። ጉበት በአልኮል ሲጠመድ ከሌላ ነገር ስኳር መሥራቱን ያቆማል። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ በባዶ ሆድ አረቄ የሚጠጣ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ ከውጭ ለሚያየው ሰክሮ የተኛ ይመስላል። ተራራ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ብሎ ጥሎ መሄድ ጭካኔ ነው።

ንጋት ላይ ራሴ በመዶሻ ይመታ ጀመር። ለዘበኛው ነገርኩት።

«አረቄው አይደለም፤ አገሩ ነው» አለኝ።

ሳቅኩበት እንጂ ሳስበው ጥያቄው ቀላል አይደለም። ደባርቅ ላይ በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ያህል ነው። ከፍታ ያልለመደ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይደክመዋል፤ አንጎበርም እነዚሁ ናቸው። «ደጋ ላይ መጠጥ ይበረታል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በአሜሪካ ለአብራሪዎች ሲባል ሰዎችን በግፊት ክፍል አስገብተው፣ ከፍታን አስመስለው አጠጥተው ሞክረዋል፤ በከፍታው የተነሳ በትንፋሽ የሚለካው አልኮል ከፍ አላለም። ሁለቱ ሕመሞች ግን አንድ ራስ ላይ ሲገናኙ ይደራረባሉ። በዚያ ላይ አልኮል በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽን ስለሚያዘገይ፣ ሳንባ አብዝቶ መሥራት በሚገባው ሌሊት ይለግማል።

ዘበኛው ግን ለምን አያመውም? የሰሜን ሰው ላይ የተደረገ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል፣ ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረ መድኅን ካሉበት ቡድን ጋር፣ ከዚህ ብዙ በማይርቀው በአምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን አሳተመች። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ኦክስጅን ለመያዝ ደማቸውን በሄሞግሎቢን ያወፍራሉ፤ የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ሳይጨምር በአነስተኛ ኦክስጅን ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ሁለቱንም አልሆኑም። ሄሞግሎቢናቸው ቆላ እንደሚኖር ሰው ነው፤ ደማቸው የተሸከመው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 ከመቶ ነው። ተራራ ላይ ተቀምጠው ደማቸው ተራራ መውጣቱን የሚያውቅ አይመስልም። ይኼን ካነበብኩ ወዲህ ከሰሜን ድንቆች ሁሉ አንደኛ አድርጌ የምጽፈው ይኼንን ነው፤ ዋልያውም ገደሉም ይከተላሉ። ዘበኛውና እኔ ያው ዓይነት ጉበት ይዘን፣ ያው አረቄ ብንጠጣ እንኳ፣ ሲነጋ ራሱን የሚይዘው እኔ ብቻ ነኝ።

ሳንቃበር

ከፓርኩ ስካውት ጋር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ጦስኝ በእግራችን ሥር ይሸታል፤ አስታው ላይ የሽበት ሪዝ መስሎ የዛፍ ጺም ተንጠልጥሏል። ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ደረታቸው የቀላ፣ ጎፈራቸው ነፋስ የሚያበጥረው፣ ረጋ ያሉ ሰዎች ናቸው ብል ይሻለኛል።

እነሱን እያየሁ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ የወጣ ጥናት፣ በጨጓራና በምላስ የሚገኝ አንድ አልኮል አፍራሽ ኢንዛይም ከዛሬ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ለውጥ 40 እጥፍ መበርታቱን ያሳያል። ለውጡ የደረሰው የሰው፣ የቺምፓንዚና የጎሬላ የጋራ አያት ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ነገሩን የሚያያይዙት ከዛፍ ወርዶ መሬት ላይ የወደቀና የፈላ ፍሬ ከመልቀም ጋር ነው። ጭላዳ ከዚያ ቀደም ብሎ የተለየ ዘር ስለሆነ ይኼ ውርስ አልደረሰውም። አሁን መሬት ላይ የሚውለው እሱ፣ መለኪያ የምናነሳው እኛ።

ስካውቱ ፊቴን አይቶ፣ «ማታ የት ነበርክ?» አለኝ። ነገርኩት። ከጃኬቱ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። «ማርከሻ ውሰድበት። አንዲት ጉንጭ ብቻ።»

ማርከሻ ሰልፉን ማስረዘም ነው፤ ይኼን እያወቅኩ እጄ ሊዘረጋ ነበር። ሲሻል ግን ይታወቃል። አንዱ ግምት ሜታኖልን ይመለከታል። በአረቄ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ሜታኖል በዚያው መስኮት ነው የሚያልፈው፤ ሲፈርስ የሚሰጠው ፎርማልዲሃይድና ፎርሚክ አሲድ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይን የሚያጠፋውም አሲዱ ነው። ጸሐፊው ተራ አልኮልን ስለሚያስበልጥ፣ ያ እያለ ሜታኖሉ ሳይፈርስ በር ላይ ይቆማል። ሐኪሞች በሜታኖል የተመረዘን ሰው፣ ሌላው መድኃኒት ከሌለ፣ በአልኮል የሚያክሙት ለዚህ ነው። ስለዚህ የማርከሻው ጉንጭ ጠላትን አያባርርም፣ በር ላይ ያቆየዋል። ጠርሙሱን አመስግኜ መለስኩ፤ ስካውቱም ሳይጎነጭ ኪሱ ከተተው። «እኔም አልጠጣም፤ ለእንግዳ ነው የምይዘው» አለ። ወደ ገደሉ ጫፍ ሄድን።

መልስ

እሜቴ ለመሰናበት ስሄድ ባዶ ሃይላንድ ፈልገው ግማሹን ዳግም ሞሉልኝ፤ ክዳኑን አጥብቀው፣ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልለው በክር አሰሩት። «ለቤተሰብህ፤ መንገድ ላይ እንዳትከፍተው» አሉ። ቃል ገባሁ።

ሚኒባሱ ዳባትን አልፎ፣ ወገራን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ጎንደር ከደባርቅ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። መናኸሪያው ላይ ሻንጣዬን ስከፍት ሃይላንዱ ጎኑ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ በደባርቅ ስስ አየር የታሸገውን ባዶ ቦታ የጎንደር አየር ጨምቆታል። ሾፌሩ አየውና በሳቅ ፈነዳ።

«ቀምሰሃታል!»

ላስቲኩን አዙሬ አሳየሁት። ክሩ እንደታሰረ ነው።

«እሺ» አለ፣ «ክሩን ማን አሰረው ታዲያ?»